ማረሻውን ማን ቀጠቀጠው? — በቤተሰብ ቅጾቻችን ላይ ስለ ጠፉ ሙያዎች

የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ እያንዳንዱ አባል የቤተሰቡን ታሪክ ከቅድመ አያት ጀምሮ እንዲያሰባስብ፣ በቤተሰቡ እጅ ያለውንም አሮጌ ወረቀት ፎቶ እያስነሣ እንዲያስረክብ በወሰነ ጊዜ ይህ ጸሐፊ እጁን አውጥቶ ከደገፉት አንዱ ነበር። ዛሬም ውሳኔውን እደግፋለሁ። ወረቀቶቹን እንዲያነቡ ከተመረጡት ሦስት ሰዎች አንዱ በመሆኔ ግን ያየሁትን ለአንባቢ ማቅረብ ግዴታዬ ነው፤ ያየሁት ደግሞ የሚያስደስት ብቻ አይደለም።

ቅጹ አምስት ዓምዶች አሉት፦ ስም፣ የትውልድ አገር፣ ዘመን፣ ሥራ፣ ማስረጃ። አራተኛውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች ያነበበ ሰው የኢትዮጵያ ሕዝብ በሙሉ በሦስት ክፍል ብቻ ተከፍሎ ይኖር የነበረ ይመስለዋል። አንደኛው ደጃዝማች፣ ፊታውራሪና ባላባት ነው። ሁለተኛው ቄስና መሪጌታ ነው። ሦስተኛው ገበሬ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን ደግሞ ሁሉም አርበኛ ነው። (ያ ሁሉ ባንዳ ልጅ ሳይወልድ ሞቷል ማለት ነው።) ቀጥቃጭ የለም። ሸማኔ የለም። ፋቂ የለም። ሸክላ ሠሪም የለችም፤ እንዲያውም በቅጾቻችን ላይ ሴት ከነጭራሹ ሥራ የላትም፤ በስሟ አንጻር ያለው ሣጥን ባዶውን ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ቀላል ነው። ገበሬው ያረሰበትን ማረሻ ማን ቀጠቀጠለት? የበሬውን ጠፍር ማን አለፋለት? ፊታውራሪው በየበዓሉ የለበሰውን ኩታ ማን ሸመነለት? ውኃው የተቀዳበት እንስራ፣ እንጀራው የተጋገረበት ምጣድ ከሰማይ ወረደ?

ይህን የማነሣው ለቀልድ አይደለም። በዚሁ ዓመት እዚሁ ማርካ ውስጥ አንድ ጋብቻ በአንድ ቃል ምክንያት ፈርሷል። ሙሽራዪቱ በሰው ቤት ሠርታ የምታድር፣ ዓመታት ሙሉ ለእናቷ ገንዘብ ስትልክ የኖረች እህታችን ናት። ሙሽራው ከእኛው መካከል ነው። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ነገሩ እንዲጻፍ ግን ሁለቱም ፈቅደዋል። ሽማግሌዎች በአገር ቤት ወደ ወላጆቿ ተላኩ፤ እንደ ደንቡም ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት ተቆጠረ። ዝምድና አልተገኘም። የተገኘው «የእናቷ አባት ጠይብ ነበር» የሚል ወሬ ነው። በሳምንቱ የሙሽራው እናት ስልክ ደወሉ፤ ነገሩም በዚያው አለቀ።

እኔን ይበልጥ ያሳዘነኝ ከዚያ በኋላ በመካከላችን የተባለው ነው። አንዳንድ ጓዶች «የቤተሰብን ፍላጎት ማክበር ነው» ብለው አለፉት። አንዱ ግን ወደ ጥግ ወሰደኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቡዳ ናቸው ይባላል እኮ» አለኝ። ይህ ጓድ የሦስተኛ ዓመት የምሕንድስና ተማሪ ነው። ብረት በስንት ዲግሪ እንደሚቀልጥ በቃሉ ያውቃል።

ታሪኩ እዚህ አላበቃም። ሙሽራው ለማኅበሩ ባቀረበው ቅጽ ላይ የቅድመ አያቱን ሥራ «የጦር መሪ» ብሎ ሞልቶታል። ማስረጃ ብሎ ያያያዘው የአንድ አሮጌ የግብር ወረቀት ፎቶ ነው። ወረቀቱን ሦስታችን በተራ አየነው፤ ቀለሙ ስለ ደበዘዘ በስልክ አጉልተን ደጋግመን አነበብነው። «የጦር መሪ» የሚል ቃል የለበትም። ያለበት «ግንደ በል» የሚል ነው።

ግንደ በል ማለት ምን ማለት ነው? በቀድሞው የመሬት ሥርዓት ግንደ በል መሬት የያዘ ሰው ግዴታው መንግሥት ሲዘምት ድንኳኑንና ስንቁን በራሱ አጋሰስ ጭኖ ማድረስ ነበር። ስለዚህ ቤተሰቡ «አያታችን ጦር ሜዳ ይውሉ ነበር» ብሎ ማስታወሱ ውሸት አይደለም። የዋሉት ግን ጦር ሲመሩ ሳይሆን ጭነት ሲያስሩ፣ በቅሎ ሲነዱ፣ የተላጠ ጀርባ ሲያክሙ ነው። ያለ እነርሱ አንድም ፊታውራሪ ከደጁ አይወጣም ነበር። ለወንድማችን ይህንኑ ስነግረው ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «ለእናቴ እንዳትነግርብኝ» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። የአንደኛዋ አያት ብረት መቱ፣ የሌላው አያት በቅሎ ጫኑ። አንዱ ቃል ሳይገባን ስላከበርነው ሹመት ሆነ፣ ሌላው ቃል ሳይገባን ስለ ፈራነው ጋብቻ አፈረሰ።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ቃላቱን ማንበብ እንማር።

በአሮጌ ወረቀት ላይ ያለ ሥራ ዛሬ በመታወቂያ ላይ እንደምንጽፈው ሥራ አይደለም። ዛሬ ሥራ ስንል ደመወዝ እናስባለን። በባላባታዊው ሥርዓት ግን ሥራና መሬት የተጋቡ ነበሩ፤ መሬቱን የያዘ ግዴታውን ይዟል፣ ግዴታውን የተወ መሬቱን ይለቃል። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ዝክረ ነገር» የገለጠ ሰው የመሬቱ ስም ራሱ የሥራ ስም መሆኑን ያያል። ወረገኑ የመንግሥት ከብት የሚጠብቁ ሰዎች መሬት ነው። የባልደራስ መሬት የፈረስና የበቅሎ ጠባቂዎች ነው። ሁዳድ የመንግሥት እርሻ ሆኖ በአካባቢው ሰው ጉልበት የሚታረስ ነው። ማደሪያ በደመወዝ ምትክ ለአገልጋይ የሚሰጥ፣ አገልግሎቱ ሲቋረጥ የሚመለስ ነው። ሰሞን የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ያለበት መሬት ነው፤ የሰሞን መሬት የያዘ ሁሉ ግን ቄስ አልነበረም። ራሱ ባይቀድስም የሚቀድስለትን ሰው እያቆመ መሬቱን የሚበላ ነበር። በቅጾቻችን ላይ «ቄስ» ተብለው ከተጻፉት መካከል የሚቀርበው ማስረጃ የሰሞን መሬት ብቻ የሆነ አለ። እነዚህን ሰዎች ያቀሰሳቸው ጳጳስ ሳይሆን የልጅ ልጃቸው ነው።

የወረቀቱም ዓይነት ይለያያል። በጎንደር ዘመን የመሬት ስጦታና ሽያጭ በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ ይጻፍ ነበር፤ የምስክሮቹም ስም ከነማዕረጋቸው ይዘረዘራል። ከዚያ ወዲህ ያለው የግብር ደረሰኝ፣ የፍርድ ቤት ግልባጭ፣ የኑዛዜ ወረቀት ነው። ኅዳጉም ሆነ ደረሰኙ የተጻፈው የመሬትን መብትና ግብርን ለማስታወስ ነው። መሬት የሌለው ሰው በሁለቱም ላይ የለም። ወረቀት ላይ ያልተገኘ ሁሉ አልነበረም ማለት እንዳልሆነ በዚህ እንረዳ።

«ገበሬ» የሚለው ቃል ከሁሉ የባሰ ወጥመድ ነው። ንጹሕ፣ የተከበረ፣ ማንንም የማያስቀይም ቃል ስለሆነ ሁላችንም እንሸሸግበታለን። ነገር ግን ገበሬው ባለ ርስት ነበር ወይስ ጭሰኛ? ገባርስ ከሆነ ለማን ይገብር ነበር፤ ለመንግሥት ነው ወይስ በላዩ ለተተከለ ወታደር? እኩል አራሽ ነበር ወይስ ሲሶ ከፋይ? የእነዚህ ሰዎች ማሳ ጎን ለጎን ሊሆን ይችላል፤ በጎተራቸው የሚገባው እህል ግን አንድ አልነበረም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ሲወጡ የተናገሩት ስለ ገበሬ በጠቅላላው አልነበረም፤ የሰው መሬት አርሶ ምርቱን ስለሚያካፍለው ሰው ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅም የጭሰኛና የባለ መሬትን ግንኙነት ነው ያፈረሰው። እኛ ዛሬ ጭሰኛውንም ባለ ርስቱንም «ገበሬ» ብለን ስንጽፍ ያ ሁሉ ጩኸት ስለ ምን እንደነበረ ለልጆቻችን የምንነግርበት ቃል አናስቀርም።

ስለ ማዕረጎቹም አንድ ነገር ልበል። የምንኮራባቸው ስሞች ሁሉ ሲጀመሩ የሥራ ዝርዝር ነበሩ። ፊታውራሪ ከፊት የሚሄደውን ጦር የሚመራ ነው። ቀኛዝማች የቀኙን፣ ግራዝማች የግራውን ይይዛል። በጅሮንድ ግምጃ ቤት ይጠብቃል። አጋፋሪ በር ላይ ቆሞ እንግዳ ያስገባል፣ ያስወጣል። እልፍኝ አስከልካይ ስሙ ራሱ ይናገራል። ነጋድራስ በመጀመሪያ የነጋዴዎች አለቃ ነበር፤ እያደር የገበያና የኬላ ቀረጥ ሰብሳቢ የመንግሥት ሹም ሆነ። በጊዜ ብዛት ሥራው ቀርቶ ማዕረጉ ብቻውን ሲሰጥ ኖረ። ስለዚህ ፊታውራሪ የተባለ አያት ያለው ሁሉ ዘመኑን ይመልከት፤ አንዱ በእርግጥ ጦር የመራ፣ ሌላው ደግሞ አንዲት ምክትል ወረዳ ያስተዳደረ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ ያሳቀኝ የእኔው ሙያ ነው። ከቀረቡት ቅጾች ላይ «ሐኪም» የተባለ አያት አገኘሁና ደስ ብሎኝ ባለቤቱን ጠየቅሁት። በእኛ አገር በዘመናዊ መንገድ የሠለጠነ ሐኪም በዚያ ዘመን በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን የመሰለ ሰው በሕንድ አገር ተምሮ ሲመጣ ሙያው የስሙ መጠሪያ እስኪሆን ድረስ ብርቅ ነበር። ለካስ አያቱ ወጌሻ ኖረዋል። ምን ያሳፍራል? ወጌሻ የተሰበረ አጥንት በቀርከሃ አስሮ ያቀና፣ ዋግምት ያወጣ፣ ያለ ራጅ በጣቱ ዳስሶ ስብራትን ከውልቃት የለየ ባለሙያ ነው። ዛሬ የእግር ኳስ ቡድኖቻችን ባለሙያውን «ወጌሻ» ብለው ሲጠሩ ማንም አያፍርም። ሐኪም ብሎ መጻፍ አያቱን ከፍ አላደረጋቸውም፤ የሚያውቁትን ትተው የማያውቁትን እንዲያውቁ አደረጋቸው እንጂ።

አሁን ወደ ተደበቁት ልመለስ።

ጠይብ፣ ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ሸማኔ፣ አዝማሪ፤ እነዚህ ቃላት በቅጾቻችን ላይ የሌሉት ሰዎቹ ስላልነበሩ አይደለም። ቃላቱ ስድብ ስለሆኑ ነው። እንዴት ስድብ ሆኑ? መልሱ በአስማት ሳይሆን በመሬት ላይ ነው። በሰሜኑ አገራችን ሰው የሚባለው ርስት ያለው ነው። ርስት የሌለው፣ ወይም የተነጠቀ፣ በእጁ ከማደር ሌላ ምርጫ የለውም። የቤተ እስራኤል ወገኖቻችን የሚተርኩትም ሆነ በዜና መዋዕል ወግ የቆየው በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ያልተጠመቀ ሰው የአባቱን ርስት እንዳያገኝ መደረጉን ነው። ከዚያ ወዲህ በጎንደር አካባቢ ብረትና ሸክላ የእነርሱ ሙያ ሆነው ኖሩ። በመጀመሪያ መሬቱ ተወሰደ፤ ቀጥሎ መሬት የሌለው ሰው የሚሠራው ሥራ ተናቀ፤ በመጨረሻ ሠሪው ሌሊት ጅብ ይሆናል ተባለ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ጅቡ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። በሌሎቹም የአገራችን ክፍሎች ነገሩ በሌላ ስም አለ፤ በወላይታ ጭናሻ፣ በከፋ ማንጆ የተባሉት ወገኖች ለብዙ ዘመን ከሌላው ጋር አንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ፣ እንዳይጋቡም ተደርገው ኖረዋል።

ገዢዎቹ ራሳቸው ነገሩ ጉዳት እንዳለው ያላዩ አይደሉም። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የባለ እጅ መንደር አቋቁመው መድፍ አስቀለጡ፤ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተሠራው እዚያ ነው። ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው ምክንያት መስደብ የሚከለክል፣ የሚቀጣም አዋጅ አስነግረዋል። በአዲስ አበባ ሠራተኛ ሰፈር የሚባለው የቤተ መንግሥቱ ባለ እጆች የሰፈሩበት ነው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። የወንድማችን እናት ስልክ ሲደውሉ ግን አልሰሙትም ነበር።

ከእነዚህም በታች የሚደበቅ አንድ ቃል አለ። አገራችን በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ከተጠየቀችው አንዱ የባርያ ንግድ ጉዳይ ነበር፤ ባርነት በሕግ ጨርሶ የተሻረው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በተጻፈ ኑዛዜ ላይ «የቤት ውልድ» የሚል ቃል ብታገኙ «የቤተሰብ ወዳጅ» ብላችሁ አትተርጉሙት። አንድ ቅጽ ላይ ይህን አይቻለሁ። ጽፎ ያቀረበው ጓድ ክፋት አልነበረውም፤ ቤተሰቡ የነገረውን ነው የጻፈው። ግን በዚያች ቃል ውስጥ ያለችው ሴት የወለደቻቸው ልጆች አሉ፤ እነርሱም ቅጽ ይሞሉ ይሆናል።

«አንተ ሕክምና አጥና፤ የመሬት ግብር ምን አገባህ?» የሚለኝ ጓድ አይጠፋም። የሚያገባኝ እንዲህ ነው። በርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለ ኢጣሊያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1700 ዓ.ም. ስለ ሠራተኞች በሽታ መጽሐፍ ጽፎ ነበር፤ ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ አዋላጅ ሳይቀሩ እያንዳንዳቸው ምን እንደሚያማቸው መረመረ። ለሐኪሞችም ከቀድሞው ጥያቄ ሁሉ ሌላ ታማሚውን «ሥራህ ምንድን ነው?» ብለው እንዲጠይቁ መከረ። ዛሬ እያንዳንዱ የሕክምና ተማሪ ታሪክ ሲቀበል ይህን ይጠይቃል። ታማሚው አፍሮ ከዋሸ ግን ሐኪሙም ይሳሳታል።

ከአገራችን አንድ ምሳሌ ልስጥ። በተለምዶ ዝሆኔ የምንለው የእግር እብጠት በብዙ ደጋማ አካባቢ የዘር እርግማን እየተባለ ቤተሰብን ከጋብቻ ያገለለ በሽታ ነው። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ባደረገው ጥናት ከዝሆኔ አንዱ ዓይነት፣ ዛሬ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው፣ ከትል ሳይሆን ከአፈር እንደሚመጣ አሳየ። በእሳተ ገሞራ ቀይ አፈር ላይ ዓመታት ሙሉ በባዶ እግሩ የሚያርስ ሰው የአፈሩ ደቃቅ ብናኝ በቆዳው ይገባና እግሩን ያሳብጣል። ከቤተሰብ የሚወረስ ተጋላጭነት መኖሩን በኋላ የወጡ ጥናቶች አረጋግጠዋል፤ ነገር ግን ጫማ ያደረገና እግሩን የታጠበ ሰው ይድናል። ሰባት ቤት ቆጥረው «በዘራቸው አለ» ያሉት ሽማግሌዎች ቢያንስ የሚያዩትን አልዋሹም፤ ያልጠየቁት ሰውየው ምን እየሠራ፣ በምን አፈር ላይ፣ ጫማ ሳይኖረው እንደኖረ ነው። ጠይብን በተመለከተስ? በጥርሱ፣ በደሙ፣ በዓይኑ ከሌላው የሚለይ ነገር ቢኖር እስከ ዛሬ የተማርኩበት መጽሐፍ ይነግረኝ ነበር። ቀጥቃጭን የሚያገኘው የፍም ጭስና በዓይን የሚገባ የብረት ብልጭታ ነው፤ እርሱንም ለልጅ ልጁ አያወርሰውም።

አሁን የምንኖርበትን ቦታ እንመልከት። ማርካ ያለው የፍልስጤማውያን መጠለያ እ.ኤ.አ. በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን ሕዝቡ «ሽኔለር» ይለዋል፤ ይህም በአጠገቡ ካለው እ.ኤ.አ. በ1959 ዓ.ም. ከተከፈተው የቴዎዶር ሽኔለር ትምህርት ቤት የመጣ ስም ነው። ትምህርት ቤቱ ለብዙ ወጣት የብረትና የእንጨት ሥራ ያስተማረ ነው። ሥሩ ግን ከእኛ ጋር ይነካካል። በኢየሩሳሌም የመጀመሪያውን የሽኔለር የሙት ልጆች ማሳደጊያ እ.ኤ.አ. በ1860 ዓ.ም. ያቋቋመው ዮሐን ሉድቪግ ሽኔለር በስዊስ ባዝል አጠገብ ካለው ክሪሾና ከተባለ የሚሲዮን ማሠልጠኛ የመጣ ነው። ከዚያው ማሠልጠኛ የወጡ ባለ እጅ ሚሲዮናውያን በዚያው ዘመን ወደ ቴዎድሮስ አገር ተልከው ነበር፤ በጋፋት መድፍ ካቀለጡት መካከል ቴዎዶር ዋልድማየር ይገኝበታል። ይህ ሰው ከመቅደላ በኋላ ወደ ሊባኖስ ሄዶ የታወቀውን የዓስፉሪየህ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሥርቷል። ወደ ቴዎድሮስ አገር የሄዱትን ያሰማራው ሳሙኤል ጎባ ራሱ ቀድሞ በጎንደር የኖረ፣ በኋላም በኢየሩሳሌም ጳጳስ የሆነ ነው። እንግዲህ አስቡት። ከአንድ ማሠልጠኛ የወጣ የብረት ሙያ እዚህ ማርካ የምስክር ወረቀት ሆነ። እኛ ዘንድ የዋልድማየር ስም በመጽሐፍ ሲጻፍ፣ ከጎኑ ወናፍ የነፉት ያገር ልጆች ስም አልተጻፈም፤ የልጅ ልጆቻቸውም ዛሬ «ገበሬ» ብለው ቅጽ ይሞላሉ።

በሆስፒታል በየነጩ ካፖርት ላይ የተለጠፈውን ስም አነባለሁ። ሐዳድ ቀጥቃጭ ማለት ነው። ነጃር አናጢ፣ ኸያጥ ሰፊ፣ ሰባግ ቀለም ነካሪ ነው። አያታቸው ምን እንደ ሠራ በደረታቸው ላይ ይዘው ይዞራሉ። ዐረቦቹን ከእኛ የተሻሉ አድርጌ ለማቅረብ አይደለም። በዘላኖቹ በደዊኖች ዘንድ ቀጥቃጭ ከጎሳው ውጭ የሚታይ፣ ልጁም ለጋብቻ የማይፈለግ ነበር። በከተማው ግን ቃሉ ስም ሆኖ ኖረ፤ ስም ሲሆንም መርዙ ለቀቀው።

የዚሁ ከተማ ሌላ ገጽታም አለ። ጋብቻዋ የፈረሰባትን እህት ስለ አያቷ ለመጠየቅ ሄጄ ነበር። አያቷ ማረሻና ማጭድ እንደሚሠሩ፣ በጥቅምት ገበሬው ሁሉ ደጃቸው ላይ እንደሚሰለፍ፣ ዋጋውንም በእህል እንደሚከፍል ነገረችኝ። አልሸሸገችም። ጽፌ ስጨርስ «የእኔንስ ሥራ ምን ብለህ ልትጽፈው ነው፣ ወንድሜ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። በመኖሪያ ፈቃዷ ላይ «ዓሚለት መንዚል»፣ የቤት ሠራተኛ፣ ይላል። ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ ዮርዳኖስ እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. የቤት ሠራተኞችን በሠራተኛ ሕጓ ሥር ያስገባች ከዐረብ አገሮች የመጀመሪያዋ ናት። በአፍ ግን የምትጠራው «ኸዳማ» ተብላ ነው። አንዳንድ ሰፈር ደግሞ ይህም ቀርቶ «እነርሱ ቤት አንዲት ኢትዮጵያዊት አለች» ይባላል፤ የአገራችን ስም ራሱ የሥራ መጠሪያ ሆኗል። ከእኛም ተማሪዎች አውቶቡስ ላይ «ኢትዮጵያዊ ነህ?» ሲባል ቶሎ ብሎ «የሕክምና ተማሪ ነኝ» የሚል አለ። እኔም ብዬ አውቃለሁ። ያን ጊዜ የሸሸሁት ከማን እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም።

ስለዚህ ለሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። «ሥራ» የሚለው ዓምድ ተሰርዞ በምትኩ ምን ይሠሩ ነበር፣ በማን መሬት ላይ፣ ለማንስ ይከፍሉ ነበር የሚሉ ሦስት ጥያቄዎች ይግቡ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቃል እንዳለ ይገልበጥ፤ ትርጉሙ ካስፈለገ በሌላ መስመር ይጻፍ። ግንደ በል ካለ ግንደ በል ይባል። ጠይብ ካለ ጠይብ ይባል። የሴቶቹ ሣጥን ባዶ የሆነበት ቅጽ ለባለቤቱ ይመለስ፤ ፈትል የፈተለች፣ ጠጅ የጣለች፣ ምጥ ያዋለደች ሁሉ ሥራ ነበራት። በማርካና በአካባቢው ያሉ ሠራተኛ እህቶቻችንም፣ ተማሪ ባይሆኑም፣ ቅጹ ይሰጣቸው፤ የራሳቸውንም ሥራ በራሳቸው ቃል ይሙሉ። ይህን የሚቃወም ጓድ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ እመልስለታለሁ።

ከመቋጨቴ በፊት የራሴን ቅጽ ላርም። በመጀመሪያው ቅጽ ላይ በአባቴ እናት እናት ስም አንጻር ያለውን ሣጥን ባዶ ትቼው ነበር። አላውቅም ነበር ማለት አልችልም፤ ልጅ ሳለሁ አባቴ አንድ ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነግሮኛል። ባለፈው ወር አክስቴ ዘንድ ደውዬ ጠየቅሁ። መጀመሪያ «ማን ነገረህ?» አሉኝ። ቀጥሎ ማውራት ጀመሩና ካርዴ እስኪያልቅ አላቆሙም። አፈሩን ከየትኛው ወንዝ ዳር እንደሚያመጡ፣ የተሰበረ ገል ወቅጠው ከጭቃው ጋር እንደሚቀላቅሉ፣ በኩበት እንደሚተኩሱ፣ አዲሱን ምጣድ በጎመን ዘር አሟሽተው ለጎረቤት እንደሚያሳዩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በጀርባቸው ገበያ እንደሚያወጡ ነገሩኝ። የገበያውም ቦታቸው ከሌሎቹ ነጋዴዎች ራቅ ብሎ እንደነበረ አልደበቁኝም። አሁን ቅጹ ላይ ስማቸው አለ። ይሠሩ የነበረው፦ ምጣድ፣ እንስራ፣ ጀበና። መሬት፦ የሰው። ማስረጃ፦ አክስቴ ቤት እስከ ዛሬ የሚጋገርበት፣ ጠርዙ የተሸረፈ አንድ ምጣድ።

ኮሚቴው እስኪወስን ድረስ አዲስ ቅጽ የለንም። በእጃችሁ ያለውን አሮጌውን ገልብጡና ጀርባው ላይ ጻፉበት።